ከማስተማር በፊት መጠየቅ፦ የፕሮፌሰር ዶሮቲ ናይስዋንደር የሥራ ዘመን

በ1930ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ከተማ፣ ኲንስ ውስጥ፣ አስቶሪያ በሚባለው ሠፈር ያሉ ትምህርት ቤቶች የጤና ምርመራ ቀን ነበራቸው። ልጆች ይሰለፋሉ። ሐኪሙ አፍ አስከፍቶ ጥርስና ጉሮሮ ያያል፤ ደረት ያዳምጣል፤ ካርድ ላይ አንድ ሁለት ቃል ይጽፋል፤ ቀጣዩን ይጠራል። ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ካርዱ ተመልሶ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ዓመት ዞሮ ሐኪሙ ሲመጣ ያው ልጅ ያንኑ የተበላ ጥርስ ይዞ ይቆማል፤ አምና ከተጻፈው ሥር ያው ቃል እንደገና ይጻፋል።

ወረቀቱን ለሚያይ ሰው ሥራው የሚያስመሰግን ነበር። ስንት ልጅ ተመረመረ ቢባል መልስ አለ። ስንቱ ላይ ችግር ተገኘ ቢባልም መልስ አለ። ከእነዚህ ውስጥ የታከመው ስንቱ ነው ሲባል ግን መዝገቡ የሚለው ብዙ አልነበረም።

ይህን አሠራር ከ1936 እስከ 1940 ድረስ ያጠናውን ቡድን የመሩት ሐኪም አልነበሩም። ዶሮቲ ናይስዋንደር የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ነበሩ፤ ምናልባትም ሌላው የለመደውን ነገር እንደ እንግዳ ለማየት የቻሉት ለዚህ ነው። የጥናቱ ውጤት በ1942 የትምህርት ቤት ጤና ችግሮችን ስለ መፍታት በጻፉት መጽሐፍ ታተመ። የደረሱበት መደምደሚያ የዚያን ጊዜውን የጤና ባለሥልጣን የሚያስደስት አልነበረም። በየዓመቱ በጥድፊያ የሚደረገው ምርመራ ቀድሞ የታወቀውን ደግሞ ከማግኘት ያለፈ ፋይዳ እንደሌለው አሳዩ። በምትኩ ያቀረቡት ሐሳብ ምርመራው ይቀንስ፣ ሲደረግ ግን ጠለቅ ይበል የሚል ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ በደንብ ይታይ፤ ሲታይም ወላጁ አጠገቡ ይሁን። ከዚያ በኋላ ልጁን ቀኑን ሙሉ የምታየው መምህርትና የትምህርት ቤቱ ነርስ በየጊዜው ተቀምጠው ይመካከሩ፤ የትኛው ልጅ እንደገና ሐኪም ዘንድ መቅረብ እንዳለበት ከዚያ ምክክር ይውጣ።

ወላጁ አጠገቡ ይሁን የሚለው ነገር ዛሬ ለእኛ ተራ ይመስላል። በጊዜው ግን ትልቅ ለውጥ ነበር። እናትየዋ እዚያ ከተቀመጠች ሐኪሙ ስለ ጥርሱ ይነግራታል፤ እሷም ለምን እስካሁን እንዳላሳከመችው ትነግረዋለች። ገንዘብ ይሁን፣ ጊዜ ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን፣ ወይም ችግሩን ጭራሽ አልሰማችም ይሁን፣ የሚታወቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ናይስዋንደር በቀረው ረጅም የሥራ ዘመናቸው የደጋገሙት ነገር እዚህ አስቶሪያ ውስጥ ተወልዷል ብዬ አምናለሁ።

ዶሮቲ ናይስዋንደር በ1894 ኔቫዳ ግዛት ውስጥ ሬኖ ከተማ ተወለዱ። በ1926 በርክሌይ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪ መያዟ ራሱ ብርቅ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከትዳራቸው ተለያይተው አንዲት ሴት ልጃቸውን ለብቻቸው እያሳደጉ ነው የተማሩት። ከዚያ በዩታ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ቀጥሎ ኒውዮርክ መጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ እናቶች ወደ ፋብሪካ ሲገቡ ልጆቻቸው የሚውሉባቸውን የሕፃናት ማቆያዎች በሚያደራጀው የመንግሥት ሥራ ውስጥ ተሳተፉ።

በ1946 በርክሌይ ተመለሱ። የዩኒቨርሲቲው የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ገና አዲስ ነበር፤ የጤና ትምህርት ዘርፉን የማቋቋም ሥራ ለእሳቸው ተሰጠ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከሃምሳ አልፏል።

የጤና ትምህርት ፕሮፌሰር ምን ይሠራል? ብዙ ሰው ሲሰማው ፖስተር የሚያዘጋጅ፣ በሬዲዮ እጃችሁን ታጠቡ የሚል ባለሙያ ይመስለዋል። ሙያውም ሲጀመር ከዚያ ብዙም አልራቀም ነበር። መነሻ እምነቱ ሰው የሚጎዳውን የሚያደርገው ባለማወቅ ነው፣ ስለዚህ ይነገረው የሚል ነበር። ተነገረው። ሰምቶም እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ሙያው ሙያ የሆነው ይህን ለምን ብሎ መመርመር ሲጀምር ነው።

ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ አንድ የታወቀ መልስ ከበርክሌይ ውጪ ነው የመጣው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የኅብረተሰብ ጤና አገልግሎት የሳንባ ነቀርሳን ቀድሞ ለማግኘት የራጅ መኪናዎችን በየሠፈሩ ያቆም ነበር። ራጁ ነጻ ነው። መኪናው ደጅ ድረስ መጥቷል። ብዙ ሰው ግን አልፎት ይሄዳል። የመሥሪያ ቤቱ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ባለሙያ ጎድፍሬይ ሆክባም በቦስተን፣ በክሊቭላንድና በዲትሮይት ከ1,200 በላይ አዋቂዎችን ጠየቀ። ሁለት ነገር ለየ፦ ሰውየው በሽታው እኔንም ሊይዘኝ ይችላል ብሎ ያምናል ወይ፤ ቀድሞ መታወቁስ ይጠቅመኛል ይላል ወይ? ሁለቱንም ከሚያምኑት መካከል 82 በመቶው በፈቃዳቸው ራጅ ተነሥተው ነበር። ሁለቱንም ከማያምኑት መካከል የተነሡት 21 በመቶ ብቻ ናቸው። ዛሬ በመላው ዓለም፣ በእኛም የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የጤና እምነት ንድፈ ሐሳብ ከዚህ ሥራና ከባልደረቦቹ፣ በተለይም ከኧርዊን ሮዘንስቶክ፣ የተነሣ ነው።

ይህ ትልቅ ግኝት ነው፤ አላሳንሰውም። ነገር ግን የሚያየው አንድን ሰው ከእነ እምነቱ ነው። ራጅ መኪናውን አልፎ የሚሄደው ሰው የቀን ሥራው እንዳያመልጠው የሚሮጥ ከሆነስ? በሽታው ቢገኝበት ከሥራ የሚባረር ከሆነስ? የናይስዋንደር ትምህርት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት፣ ዛሬም በስማቸው የሚነገረው መርሕ ሥራህን ሕዝቡ ካለበት ጀምር የሚል ነው። ሲሰሙት ቀላል ነው። አንድ የጤና ባለሙያ ለአንድ ሠፈር የደም ግፊት ሊያስተምር በጀት ተሰጥቶት ሲሄድ ነዋሪው ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው ሲለው የሚፈጠረውን ማሰብ ነው ክብደቱን የሚያሳየው። በጀቱ የተመደበው ለደም ግፊት ነው፤ ሪፖርቱም የሚጠበቀው ስለ ደም ግፊት ነው። ያን ጊዜ ነዋሪውን መስማት ሙያዊ ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረቱን ደግሞ ከመምህር ካልወረሱት ከሌላ የሚገኝ አይመስለኝም።

በ1957 ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ግን ዕረፍት አላዩም፤ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር እየሠሩ ህንድን ጨምሮ ወደ ተለያዩ አገሮች ተጓዙ። በ1966 ለሙያ ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ንግግር በቀጣዩ ዓመት ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። ርእሱ ክፍት ኅብረተሰብና ለጤና አስተማሪዎች ያለው አንድምታ ነበር። በዚያ ንግግር ከሁሉ የማደንቀው ድህነትን ያዩበት መንገድ ነው፤ አንድ ሰው ድሃ ሲሆን የሚያፍረው ማኅበረሰቡ እንጂ ሰውየው እንዳልሆነ፣ ተቃውሞም ሲሰማ አንድ ነገር እንደጎደለ ምልክት ተደርጎ በቁም ነገር መወሰድ እንዳለበት ተናገሩ። ከአዳማጮቻቸው መካከል ሥራቸው በራሪ ወረቀት ማዘጋጀት የመሰላቸው ባለሙያዎችም ሳይኖሩ አልቀሩም። ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ቆመው ሥራችሁ ፍትሕ ነው ሲሏቸው አዳራሹ ውስጥ ብገኝ እወድ ነበር።

ለብቻቸው ያሳደጓት ልጅ፣ ማሪ ናይስዋንደር፣ የአእምሮ ሐኪም ሆነች። በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ከቪንሰንት ዶል ጋር ሆና የሄሮይን ሱሰኞችን በሜታዶን የማከም ዘዴን ጀመረች፤ ሱሰኛውን እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን እንደ ታማሚ ማየት በሚያስወቅስበት ጊዜ። እናትና ልጅ በሙያ አንድ አይደሉም። የሌላውን ሰው ችግር ከሰውየው አፍ ለመስማት መፍቀድ ግን ሁለቱም ላይ አለ።

የመምህር ሥራ የሚለካው ከሄደ በኋላ በሚሆነው ነው። በርክሌይ ውስጥ የናይስዋንደርን መንገድ ከያዙት መካከል ሜሬዲት ሚንክለር አንዷ ናቸው፤ እሳቸውም ፕሮፌሰር ሆነው ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። በ1979 ከተማሪዎቻቸው ጋር ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ተንደርሎይን ወደሚባል ሠፈር ገቡ። ተንደርሎይን ከከተማው እምብርት አጠገብ ያለ የድሆች ሠፈር ነው። በአሮጌ ሆቴሎች ውስጥ አንዳንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ብዙ አረጋውያን ነበሩበት። ክፍሎቹ ማብሰያ የላቸውም። ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም። አብዛኞቹ አረጋውያን ከክፍላቸው እምብዛም አይወጡም።

ተማሪዎቹ በአንድ ሆቴል መግቢያ አዳራሽ ቡናና የሚቀመስ ነገር አቀረቡ፤ የሚፈልግ ሰው የደም ግፊቱን ይለካ ነበር። የደም ግፊቱ እዚያ ለመቀመጥ ምክንያት ሆነ። ሰዎቹ ለቡናው ይመጣሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ቀስ በቀስ ማውራት ይጀምራሉ። ከጊዜ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚገናኙ ትንንሽ ቡድኖች ተፈጠሩ። ከጤና ትምህርት ቤት የመጣ ሰው እዚህ ላይ ስለ ጨው፣ ስለ ስብ፣ ስለ እንቅስቃሴ ቢናገር ማንም አይወቅሰውም ነበር። ተማሪዎቹ ግን ጠየቁ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃችሁ ምንድን ነው? መልሱ ወንጀል ሆነ። አረጋውያኑ ከክፍላቸው የማይወጡት መንገድ ላይ ስለሚዘረፉ ነበር። ስለማይወጡ ብቻቸውን ናቸው፤ ብቻቸውን ስለሆኑ በደንብ አይበሉም፤ ስለማይበሉ ይታመማሉ። ለደም ግፊታቸው የሚሰጥ ምክር ሁሉ መጀመሪያ በዚያ ፍርሃት ውስጥ ማለፍ ነበረበት።

የሆነው ነገር ዛሬም ያስገርመኛል። የተለያዩ ሆቴሎች ነዋሪዎች ተሰባስበው ለመንገዳቸው ደኅንነት የሚሠራ ማኅበር አቋቋሙ። ወደ ከተማው ከንቲባ ሄደው በእግራቸው የሚዞሩ ፖሊሶች እንዲጨመሩ ጠየቁ፤ ተጨመሩላቸው። የሠፈሩን ነጋዴዎች አግባቡ፤ አደጋ የገጠመው ሰው ገብቶ የሚጠለልባቸው ሱቆች መስኮታቸው ላይ ምልክት ለጠፉ። ከዚያ ወደ ምግብ ተሻገሩ፤ አትክልትና ፍራፍሬ የሚሸጥ ትንሽ ገበያ በየሆቴሉ አዳራሽ ከፈቱ። ማብሰያ የሌለው ሰው ምን ሊበላ እንደሚችል የሚያሳይ የምግብ አሠራር መጽሐፍም አዘጋጁ። መጽሐፉን ያዘጋጁት ነዋሪዎቹ ናቸው። የምግብ ባለሙያ ብቻውን ቢጽፈው ኖሮ የመጀመሪያው መስመር ምጣዱን ጣዱ የሚል ሊሆን ይችል ነበር።

ፕሮጀክቱ ገንዘብ አጥሮት በ1990ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ። ይህም መነገር አለበት። ሰውን በማደራጀት የሚገኝ ጤና ክኒን ስለማይመስል ገንዘብ የሚሰጠው አካል ቶሎ ይሰለቻል።

ወደ እኛ አገር ልምጣ። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ሥልጠና በተደራጀ መልኩ የጀመረው በ1954 ጎንደር ላይ ነው፤ መንግሥት ከአሜሪካ፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ድጋፍ አግኝቶ የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ አቋቋመ። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን ይሠለጥኑ ነበር፤ በቡድንም ወደ ገጠር ይላኩ ነበር። በኋላ ጅማ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ተነሣ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና፣ የባሕርይና የኅብረተሰብ የትምህርት ክፍልም አለው። በ2003 ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶች፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና፣ 16 የጤና ፓኬጆች። ከ30,000 በላይ ሴቶች ተሠማርተው ቤት ለቤት ዞረዋል። ከ1990 እስከ 2012 ባለው ጊዜ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ምጣኔ በሁለት ሦስተኛ ሲቀንስ እነዚህ ሴቶች በዚያ ውስጥ ድርሻ አላቸው። በጭቃና በፀሐይ የሄዱበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ስማቸውን በአክብሮት ያነሣል።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው። ፓኬጁ ወደ ቀበሌው የሚደርሰው ታሽጎ ነው። የሚሰጠው ትምህርት ከላይ ተቆርጦ ይመጣል፤ ቤተሰቡ ሠልጥኖ የተባለውን ሲያሟላ ሞዴል ይባልና ይመረቃል። ሠልጣኟ እናት መጀመሪያ ምን አለች የሚለው በቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ጠዋት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ካርድ ወጥቷል፤ ታካሚው አግዳሚው ላይ ተደርድሯል፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለዋል፤ አንዱ ያስላል። ተረኛዋ ነርስ መጥታ ትቆማለች። እንደምን አደራችሁ፤ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዓይን ማዝ ነው። ዓይን ማዝ ዝንብና የቆሸሸ እጅ የሚያስተላልፉት መሆኑን፣ የልጅን ፊት በየቀኑ ማጠብ እንደሚከላከለው፣ በጥራትና በፍጥነት ትናገራለች። ጥያቄ አለ? ዝም ይባላል። ይመሰገናሉ። መዝገብ ላይ የተማሩት ሰዎች ቁጥር ይሰፍራል።

ነርሷን አልወቅስም፤ የተሰጣት ሥራ ይኸው ነው። የተናገረችውም እውነት ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ የዓይን ማዝ ሸክም ከበዛባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ናት፤ ከአገሪቱም የአማራ ክልል ክፉኛ ተጎድቷል። በሽታውን ለማጥፋት የተያዘው ዓለም አቀፍ ስልት አራት ክንድ አለው፦ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ንጽሕና። ቀዶ ሕክምናውን ሐኪም ይሠራል፤ መድኃኒቱም በዘመቻ ይታደላል። የፊት ንጽሕናው የተጣለው እናትየዋ ላይ ነው። ውኃው ግን ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ያመጣችው አንድ ጀሪካን ለወጥ፣ ለእንጀራ፣ ለመጠጥ፣ ለጥጃ ይከፋፈላል። ለስድስት ልጅ ፊት በየቀኑ የሚተርፈው ስንት ኩባያ ነው? እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው ሴት ይህን ስሌት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የጠየቃት ሰው የለም እንጂ።

አንዳንዱ ሰው መጠየቅ ለሀብታም አገር ነው ይለኛል፤ እኛ ቸኩለናል፣ ሕፃናት እየሞቱ ነው ይላል። ክርክሩን አውቃለሁ፤ ወረርሽኝ ሲገባም እቀበለዋለሁ። አተት በገባበት ቀበሌ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ ማለት እንጂ ተቀምጦ መመካከር አይቻልም። ዓይን ማዝ ግን ወረርሽኝ አይደለም፤ ትውልድ አልፎ ትውልድ የቆየ ነው። ለእሱ ጊዜ ነበረን። ደግሞም መጠየቅ እኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ውኃ የሚወራው እዚያ ነው። ኤችአይቪን ለመከላከል በተደረገው ሥራ የቡና ሥርዓት መወያያ መድረክ ሆኖ ሠርቷል። በርክሌዮች ተንደርሎይን ውስጥ ቡና ያቀረቡት ሰው ለማቀራረብ ነበር፤ እኛ ግን በየቤታችን ያለውን መድረክ ለጥያቄ ከመጠቀም ይልቅ ብዙ ጊዜ ለሌላ ንግግር ተጠቅመንበታል።

ናይስዋንደር በ1998 በ104 ዓመታቸው አረፉ። የሥራ ዘመናቸው ትርፍ ለእኛ ይሁን ካልን የሚጀመርበት ቦታ ዩኒቨርሲቲው ነው። የጎንደርና የጅማ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ከተለያየ ሙያ በቡድን ሆነው ለሳምንታት በጤና ጣቢያዎች ይሠራሉ፤ አካባቢውን ያጠናሉ፤ ችግር ለይተው መፍትሔ ይሞክራሉ፤ ሪፖርት ያቀርባሉ። ይህ ሌላው ዓለም የሚመኘው ዕድል ነው። ተንደርሎይን ላይ ከመጀመሪያው ቡና እስከ ነዋሪዎቹ ማኅበር ዓመታት ወስዷል፤ በሳምንታት ውስጥ አንድ ቡድን ያን ሊያደርስ አይችልም። ስለዚህ መምህራኑ ተማሪዎቹን በየዓመቱ ወደ አዲስ ቀበሌ ከመበተን አንዱን ቀበሌ ለብዙ ዓመት ይያዙ። የዘንድሮው ቡድን ነዋሪው የነገረውን በነዋሪው ቃል ጽፎ ለከርሞው ያስረክብ፤ የከርሞው ቡድን ሲገባ አምና ስለ ውኃው የነገራችሁን ከምን ደረሰ ብሎ ይጀምር። ምዘናውም ተማሪው ያስተማራቸውን ሰዎች ከመቁጠር ይልቅ ነዋሪዎቹ ያነሡት ጉዳይ የት እንደደረሰ፣ ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ማን እንዳቀረበው፣ ምን መልስ እንደተሰጠ ይጠይቅ።